ስልኩ ሲዘጋ ልጁ ጋ ምን ይቀራል?



የኬጂ ልጅ ያለው ሰው ስለ ልጆች መተግበሪያ ሲያወራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለልጄ የትኛውን አፕ ልጫንለት?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስሙን ጻፍልኝ» ይላል። ዛሬ የስም ዝርዝር ይዤላችሁ አልመጣሁም። አሁን ጥሩ ነው የምላችሁ መተግበሪያ ከዓመት በኋላ ባለቤቱ ተለውጦ፣ ማስታወቂያ ገብቶበት፣ ወይም ጭራሽ ከመደብሩ ወጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይዤ የመጣሁት መመዘኛ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ መተግበሪያን ልጁ ስልኩን ይዞ በሚያደርገው ሳይሆን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በሚያደርገው መዝኑት። የቀረው ንግግሬ ይህንን ማፍታታት ነው።

ከምንኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር እንነሣ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ ያለው ኑሮ ልጅን ወደ ስልክ የሚገፋ ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመውን ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመልከቱ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በኮንዶሚኒየም ይኖራል። አባትና እናት በማለዳ የታክሲ ሰልፍ ይይዛሉ፤ ማታ መገናኛ ላይ ቆመው የሚያጠፉት ሰዓት ከልጃቸው ጋር ከሚያሳልፉት የሚበልጥበት ቀን አለ። አራተኛ ፎቅ ያለ የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን ወርዶ አይጫወትም፤ ቢወርድም ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሞግዚቷ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ውኃ በመጣ ሰዓት ትቀዳለች። በዚህ ሁሉ መሐል ልጁን አንድ ቦታ የሚያስቀምጠው ስልክ ነው። ስለዚህ «ስልክ ለምን ሰጣችሁ?» ብሎ ወላጅን መውቀስ ኑሮውን አለማወቅ ነው። መጠየቅ ያለብን ስልኩ ከተሰጠ በኋላ ያለውን ነው።

ወላጁ ስልኩን ሲሰጥ ኅሊናውን የሚያሳርፍበት አንድ ቃል አለ፤ «ትምህርታዊ ነው» ይላል። ይህን ቃል በመተግበሪያው ላይ የሚለጥፈው ግን ብዙ ጊዜ ሠሪው ራሱ ነው። ሾላ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት ሻጩ «ለጋ ነው» ስላላት ብቻ ገንዘብ አትቆጥርም፤ በጣቷ ትነካለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። ያቺው እናት ለልጇ መተግበሪያ ስትመርጥ ግን ኮከቡን አይታ ትጭናለች። ኮከቡን የሰጠው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዝም ስላለለት የተደሰተ ሌላ ወላጅ ነው።

መለያው ምን ያህል እንደሚያሳስት የመረመሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካቲ ኸርሽ-ፓሴክና ባልደረቦቻቸው የሆኑ የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ሕፃናት እንዴት እንደሚማሩ ለረጅም ዘመን የተጠናውን ሰብስበው አራት ጥያቄዎች አወጡ። ልጁ አእምሮውን ያሠራል ወይስ ጣቱን ብቻ? ትኩረቱ በአንድ ነገር ላይ ይቆያል ወይስ በጩኸትና በብልጭልጭ ይበተናል? የሚማረው ነገር ከሚያውቀው ኑሮ ጋር ይገናኛል? ከሌላ ሰው ጋር ያነጋግረዋል? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ በብዛት የሚጫኑና ልጆች የሚጠቀሙባቸውን 124 መተግበሪያዎች በእነዚህ አራት ጥያቄዎች መዘነ። 58 በመቶው ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ። ከሁሉም የባሰ ነጥብ የተገኘው ከሰው ጋር በማነጋገር ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ዕድሜያቸው አምስትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተሠሩ 135 መተግበሪያዎች ሲፈተሹ 95 በመቶው ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ተገኝቶባቸዋል። ይህ የሆነው ጠያቂና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእኛ ይበልጥ ይሠራል።

ጉዳዩ የውጭ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ራሳችን ታሪክ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች አንድ ሙከራ አደረገ። በአንድ መንደር ወደ 20 ለሚሆኑ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡና ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። መተግበሪያዎቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ ልጆቹ የነኩት ሁሉ ይመዘገባል፤ መዝገቡም በየጊዜው እየተሰበሰበ ውጭ ላሉ ተመራማሪዎች ይሄዳል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ውጤቱን ለዓለም ሲናገሩ ሰው ተደነቀ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በአማካይ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን በመንደሩ ይዘፈን ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው ፎቶ ማንሣት ቻሉ።

እኔም የእነዚያ ልጆች ብልኅነት ያኮራኛል። ቢሆንም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። 47 መተግበሪያ መክፈት የጣት ሥራ ነው፤ የሚነግረን ልጁ ጉጉ እንደሆነ ነው። ዘፈኑን መዝፈን የጆሮ ሥራ ነው፤ የሚነግረን ልጁ ዜማ እንደያዘ ነው። ካሜራውን መክፈት የብልኅነት ሥራ ነው፤ የማንበብ ግን አይደለም። በዚያ ዜና ውስጥ ጎልቶ የተሰማው መሣሪያው የቆጠረው ነው። ዛሬም እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጠን «ልጄ እኮ እንኳን ጌም ዩቲዩብ ከፍቶ የፈለገውን ያወጣል» ብለን ስንኩራራ የምንቆጥረው ያንኑ ነው።

በአንጻሩ ከዚያ ሙከራ ከተሳተፉ ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ «ኪዩሪየስ ለርኒንግ» የተባለ ድርጅት መሥርተው ነገሩን በትዕግሥት ቀጠሉ። ከሚያሠራጯቸው አንዱ «ፊድ ዘ ሞንስተር» የተባለ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ በተካሄደ ውድድር፣ ከትምህርት ገበታ ለተፈናቀሉ የሶርያ ልጆች ነበር፤ በኋላ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲመለስ አማርኛም ደረሰው። ልጁ ድምፅ ይሰማል፤ ያንን ድምፅ የያዘውን ፊደል ለትንሹ አውሬ ያጎርሰዋል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ ሁሉ ጥሩ መነሻ ነው። እርሱም ቢሆን ግን አሁን ከምነግራችሁ ፈተና ነፃ አይወጣም።

ፈተናውን ያገኘሁት ከየኔታ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጁ ሀሁን በዜማ ይወርደዋል። ዜማው ጣፋጭ ነው፤ አፍ ላይ ይሄዳል፤ ዓይን ሌላ ቦታ እያየም አፍ ይጨርሰዋል። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ልጁ በዜማ ሲወርድ ሰምተው አያሰናብቱትም። ስንጥሩን አንሥተው ከመሐል አንዷን ይጠቁማሉ፤ «ይህቺ ማን ናት?» ይላሉ። ከታች ወደ ላይ ያስነብቡታል። ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ ላይ ፊደሎቹ በተለመደው ቤታቸው አይቀመጡም፤ አ ብሎ ቡ፣ ቡ ብሎ ጊ፣ ጊ ብሎ ዳ እያለ በየእርምጃው ፊደሉም ድምፁም ይለወጣል። የሀሁን ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል። መልኳን ያወቀ ልጅ ያልፋል።

ይህ ለዘመናት የሠራ የምዘና ዘዴ ነው። ሸምድዶ ማለትንና ለይቶ ማወቅን ይለያል። ዛሬ በየስልኩ ያለው የፊደል መተግበሪያ አብዛኛው በዜማው ላይ ይቆማል። ሙዚቃ አለው፣ ፊደሉ ይጨፍራል፣ ልጁም አብሮ ይላል። ወላጁም «ፊደል ጨረሰ» ይላል። የኔታ ቢኖሩ ስንጥራቸውን ያነሡ ነበር።

እንግዲህ ቤታችሁ የምታደርጉት ይህ ነው። አዲስ መተግበሪያ ከመጫናችሁ በፊት 20 ፊደል በትናንሽ ወረቀት ጻፉ። ቀላቅሉና አንድ በአንድ አሳዩት። የሚያውቃቸውን በአንድ በኩል፣ የማያውቃቸውን በሌላ በኩል አድርጋችሁ መዝግቡ። ይህን መነሻ ሳይዙ በኋላ የመጣውን ለውጥ ማወቅ አይቻልም፤ ልጁ ኬጂ ይማራል፣ ታላቅ እኅቱ ታስጠናዋለች፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ይጠፋል። ከማያውቃቸው መሐል ግማሹ መተግበሪያው መጀመሪያ የሚያስተምረው፣ ሌላው ግማሽ ገና የማይደርስበት ይሁን። ሁለት ሳምንት ይጫወት። ከዚያ ስልኩን ዝጉና ያንኑ ወረቀት እንደገና ቀላቅላችሁ አሳዩት። መተግበሪያው ያሳየው ግማሽ ከሌላው ግማሽ በግልጽ ቀድሞ ከተገኘ አስተምሯል። ሁለቱም እኩል ከቀሩ ወይም እኩል ከጨመሩ ልጁን ያስተማረው ሌላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና በመንገድ ላይ ነው። በስክሪኑ ላይ ለ ሁልጊዜ ሰማያዊ ሆና፣ ሎሚ አጠገቧ ተሥሎ የምትመጣ ከሆነ ልጁ ያወቀው ሰማያዊውንና ሎሚውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈልጉለት። የመኪና ታርጋ ላይ ያለችውን አ ይለያት እንደሆነ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ፣ የባቡር ጣቢያ ስም ላይ የሚያውቃትን ፊደል ይጠቁም እንደሆነ እዩ። ለቁጥርም እንዲሁ ነው። እስከ 20 የሚቆጥር ልጅ «ሦስት ማንኪያ አምጣልኝ» ሲባል እፍኝ ሙሉ ካመጣ የቁጥር ዘፈን እንጂ ቁጥር አልያዘም። የእንግሊዝኛ ቀለም የተማረ ልጅ ከልብሱ መሐል ቀዩን ማውጣት ካቃተው ቀለሙ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል።

የአማርኛ መተግበሪያ ሲሆን ደግሞ የራሱ የሆነ መመርመሪያ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቹ የተቀዱት ከእንግሊዝኛ ፊደል ማስተማሪያ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ስላለው እያንዳንዱን በአንድ ካርድ፣ በአንድ ሥዕል ማስተማር ይቻላል። የእኛ 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። 231 ካርድ በሕፃን ጭንቅላት ላይ መደርደር ግፍ ነው። የፊደላችን ሀብት ግን ሥርዓቱ ላይ ነው። ሉ፣ ቡ፣ ኩ፣ ሱ፤ ካዕቡ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል። ሊ፣ ቢ፣ ኪ፣ ሲ፤ ሣልሱ ጭረቱን እግሩ ላይ ያወርዳል። ሌ፣ ቤ፣ ኬ፣ ሴ፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ከሥርዓቱ የሚወጡ አሉ፤ በተለይ ሳድሱ ጠባየ ብዙ ነው። ቢሆንም ሥርዓቱን ያየ ልጅ ያላስተማሩትን ፊደል ገምቶ ያነባል። ስለዚህ መተግበሪያውን ስትከፍቱ ጠይቁ፦ ልጁ የጭረቷን ቦታ እንዲያስተውል የሚያደርገው ጨዋታ አለ? ተን ከቸ፣ ነን ከኘ፣ ጠን ከጨ፣ ደን ከጀ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲለይ ያደርገዋል? ይህ ከሌለ የእንግሊዝኛ ቀሚስ የለበሰ ሀሁ ነው የያዛችሁት።

የማዳመጥ ጨዋታዎችን ደግሞ በጥንቃቄ ፈትሹ። ስልኩ የሀን ድምፅ ያሰማና ልጁን «የቷ ናት?» ይለዋል። በዛሬው የአማርኛ አነጋገር ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ድምፃቸው አንድ ነው። ከመሐላቸው ሁለቱ በስክሪኑ ላይ ከቀረቡ ትክክለኛው መልስ ሁለት ይሆናል። መተግበሪያው ግን አንዱን ብቻ ትክክል ብሎ ሌላውን በቀይ ምልክት ይሰርዘዋል። ልጁ ጆሮው ትክክል ሰምቶ ሳለ ተሳሳትክ ተባለ። ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር ሲያቀርብም ያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ያጋጠመው ልጅ ጆሮውን ማመን ትቶ በግምት መንካት ይጀምራል።

ሌላው ድምፁ ነው። አማርኛ ማጥበቅንና ማላላትን በጽሑፍ አያሳይም፤ ዋና ሲጠብቅና ሲላላ፣ ገና ሲጠብቅና ሲላላ ሌላ ሌላ ነው። አዋቂ ከዓረፍተ ነገሩ ይለያል፤ ሕፃን የሚለየው ከሰማው ነው። የማሽን ድምፅ ወይም አማርኛ የማይናገር ሰው ያነበበው ድምፅ ይህን ካበላሸ ልጁ የተበላሸውን ይወርሳል። አምስት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት፤ ጆሯችሁን ከቆረቆራችሁ አጥፉት።

ሥዕሎቹንም እዩ። በረዶ የሚጠርግ መኪናና የበረዶ ሰው አይቶ የሚያድግ የጃክሮስ ሰፈር ልጅ ቃሉን ቢሸመድድም ከምንም ጋር አያያይዘውም። ጀበና፣ ሰፌድ፣ ሚኒባስ፣ እንጀራ፣ ዣንጥላ ሲመጣ ግን «እኛም ቤት አለ!» ይላል። ይቺ «እኛም ቤት አለ» ከማንኛውም ኮከብ ትበልጣለች፤ ልጁ ትምህርቱን ከኑሮው ጋር ያሰረባት ናትና። በኦሮምኛ አፋቸውን ለሚፈቱ የሰፈራችን ልጆችም መመዘኛው ይኸው ነው፤ በቁቤ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣልና መተግበሪያው ርዝመቱን በትክክል ያሰማ እንደሆነ አድምጡ።

ስለ ቋንቋ ካነሣን በቦሌ የታወቀውን ነገር ሳንናገር አንለፍ። እንግሊዝኛ ከዩቲዩብ የለመደ፣ ለአያቱ በአማርኛ መመለስ የሚያቅተው ልጅ በየቤቱ አለ። ወላጅ ይደሰታል፤ ኬጂውም ያሞግሳል። ግን ልጁ በእንግሊዝኛ የሚለውን አድምጡ፤ የቀለም ስም፣ የእንስሳ ስም፣ ከካርቱን የተቀዳ ሐረግ ነው? ወይስ «ዛሬ ኬጂ ምን ሆነ?» ሲባል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ ይችላል? በአንዱም ቋንቋ መተረክ ካልቻለ ሁለት ቋንቋ አላገኘም፤ ሁለቱንም እያጣ ነው። የቋንቋ መተግበሪያ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ልጁ በራሱ አፍ ያልተቀዳ ዓረፍተ ነገር ይፈጥራል ወይ?

ሰው አጠገቡ ሲኖርና ሳይኖር ያለው ልዩነት በሕፃናት ላይ በጣም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፅ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዱ ቡድን ከፊቱ ከተቀመጠ ሰው ሰማ፤ ሌላው ያንኑ ሰው በቪዲዮ ተመለከተ። ከሰው የሰሙት ድምፆቹን መለየት ቻሉ፤ ከቪዲዮ ያዩት ምንም ካልሰሙት አልተሻሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ስለዚህ «ለአንድ ዓመት ልጄ የሚሆን አፕ» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ እናንተ ናችሁ።

ስክሪን ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ሰላም ሲሉ በየቤቱ ያለ ሕፃን ተነሥቶ ሰላምታቸውን ይመልስ ነበር። እርሳቸው ልጁን ያናግሩት ነበር፤ ቤተሰቡም አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ያይ ስለነበር ተረቱ ሲያልቅ ወሬው ይቀጥላል። በኋላ ደግሞ፣ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ቤታቸው ውስጥ በካልሲ አሻንጉሊት ጀመሩት። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሮግራሙ የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ብዙ ገንዘብ አልነበረበትም። የነበረው የሕፃንን ጥያቄ የሚያውቅ የመምህር ዓይን፣ ንጹሕ አማርኛና እጅ መታጠብን የመሰለ ልጁ ያንኑ ቀን የሚያደርገው ነገር ነው። ዛሬ የሚሠራ መተግበሪያ ከዚህ ብዙ መማር ይችላል።

ከእነርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተጀመረው «ሴሳሚ ስትሪት» ሠሪዎች ደግሞ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተው ይጠይቁ ነበር። መጀመሪያ፣ ልጁ ያያል ወይ? ለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7 ሴኮንድ ተኩል የሚለዋወጥ ሥዕል አስቀምጠው የልጁ ዓይን መቼ እንደሚሸሽ መዘገቡ። ቀጥሎ፣ ያየው ገብቶታል ወይ? ለዚህ ልጆቹን ለብቻ ፈተኑ። የዛሬ መተግበሪያ የሚሸጠው በመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው፤ ዓይን ይይዛል። ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ለእኛ ተትቷል።

አሁን ስለ ነፃ መተግበሪያ። ከውጭ መደብር በገንዘብ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚያስፈልግ አብዛኛው ወላጅ ነፃውን ይጭናል፤ ወይም ስልክ ቤት ሄዶ «የልጆች አፕ ጫንልኝ» ይላል። ነፃ ሲሆን ከፋዩ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ማስታወቂያውን ከጨዋታው አይለይም፤ የምትዘጋበትን ትንሽ ምልክትም አያያትም። ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ 15 ደቂቃ ተጫወቱበት፤ ምን ብቅ እንደሚል ታያላችሁ። የውርርድ ማስታወቂያ ወይም አስፈሪ ፊልም አንድ ጊዜ ከመጣ ይበቃል፤ አጥፉት። ቀጥሎ ዳታውን ዘግታችሁ ክፈቱት። ያለ ዳታ የሚሠራ ከሆነ ፓኬጃችሁም ይተርፋል፣ አብዛኛው ማስታወቂያም በር ያጣል። ሦስተኛ፣ ሲጫን የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቡ። ፊደል የሚያስተምር ጨዋታ የስልክ ቁጥሮቻችሁን ዝርዝርና ያላችሁበትን ቦታ ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. በ2019 ዩቲዩብና ባለቤቱ ጉግል ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስበዋል ተብለው በአሜሪካ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ሥር ሰድዶ እስኪሠራ ድረስ የመጀመሪያው ዘበኛ ፈቃዱን የሚነፍገው ወላጅ ነው።

የኬጂ ባለቤቶችና መምህራን፤ ወደ እናንተ ልምጣ። በምዝገባ ወቅት «ታብሌት አለን፣ ዲጂታል ነን» የሚል ሰሌዳ በሰፈራችን በዝቷል። ወላጅ ይማረካል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳቃታቸው አስታውሱ። የጎደለው ማየት ሳይሆን መለየት፣ መስማት ሳይሆን ማገናኘት ነው። ስለዚህ የምትገዙት ወይም ወላጅ እንዲጭን የምታዙት መተግበሪያ መምህሯ ከምታስተምረው ጋር ይሂድ፤ ክፍል ውስጥ «በ» ላይ ሳላችሁ መተግበሪያው «መ» ላይ ከሆነ ልጁን ሁለት ቦታ ትጎትቱታላችሁ። መምህሯም ልጆቹ ሲጫወቱ ዕረፍቷ እንዳይሆን፤ መሐላቸው ሆና «ለምን ይህችን መረጥህ?» የምትልበት ሰዓት ይሁን። አንድ ታብሌት ለሁለት ልጅ ብትሰጡ አትፈሩ፤ ሲከራከሩ ይነጋገራሉ።

የልጆች መተግበሪያ ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። የሰው ድምፅ ቅዱ፤ መጠኑ አነስተኛ፣ ያለ ዳታ የሚሠራ አድርጉት፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በአንድ ጥያቄ አታቅርቡ፤ የፊደሉን ሥርዓት አስተምሩ። ጨዋታው ማለቂያ ይኑረው፤ ሲያልቅ ልጁን ወደ ሰው ይላከው፤ «አሁን ሂድና ለሞግዚትህ በ‘በ’ የሚጀምር ነገር ከቤት ውስጥ ፈልግላት» ይበለው። ከመልቀቃችሁ በፊትም ቦሌ ካለ ቪላ ልጅና አራብሳ ካለ ኮንዶሚኒየም ልጅ ጋር ሞክሩት። በዚህ ፈተና ያለፈ ሥራ ካመጣችሁ ወላጅ ይከፍላችኋል፤ በቴሌብር ከፍሎ መጫን ከቻለ ደግሞ የውጭ ካርድ አይቸግረውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። ከተማችን ቀዳማይ ልጅነትን ጉዳዬ ብላ ፕሮግራም ዘርግታለች፤ የመተግበሪያ ምዘና ግን ከላይ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። እያንዳንዱ ኬጂ አንድ ደብተር ያዘጋጅ። በደብተሩ ላይ የመተግበሪያው ስም፣ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ የሚያውቁት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ተዘግቶ የታየው ይጻፍ። የልጅ ስም አያስፈልግም፤ ዕድሜው ይበቃል። ወላጅ ቤት የሞከረውን አምጥቶ ያስመዝግብ። በወር አንድ ጊዜ የገርጂው ከሰሚቱ፣ የአያቱ ከቦሌው ደብተር ተያይቶ ያልሠራው በግልጽ ይነገር፣ የሠራው ይወደስ። በሚቀጥለው ምዝገባ አንዲት እናት «የትኛውን ልጫን?» ስትል ከእናንተ አንዱ ደብተሩን ገልጦ፣ ከራሱ ሰፈር ልጆች የተገኘውን ማስረጃ እያሳየ ይመልስላት። ሥራውን ከዛሬ የሚጀምሩ ኬጂዎች እጃቸውን ቢያወጡ ከመለያየታችን በፊት ስማቸውን እንይዛለን።